በሀይረዲን ስም

ስልኩ ከትራሱ ሥር ጮኸ። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ዱዓ ታደርግ የነበረች ሴት አቋርጣ ዞር አለች። የሟች ስልክ ሲጮህ ማን ደፍሮ ያነሳል? ሚስቱ ናዕማ አነሳችውና አየችው።

«ማነው?» አሉ አማቷ እማማ ሐጀራ።

«ሰው አይደለም፣ እማዬ። ባንኩ ነው። የወሩን ትርፍ ለሀይረዲን አስገብቻለሁ ይላል።»

አሮጊቷ ስልኩን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«የንግድ ሸሪኩ እንግዲህ አልሰማም» አሉ ቀስ ብለው። «የሰማ ቢሆን ለቅሶ ይመጣ ነበር።»

ጎረቤታቸው አማረች ሳቅ አመለጣትና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሳቁ እዚያው ነጠላ ውስጥ ልቅሶ ሆነባት።

ሀይረዲን አቃቂ በሰቃ ላይ ባልዲና ጀሪካን የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሐሙስ ሐሙስ ከሽያጩ ቀንሶ ባንክ ያስገባል። ገበያው የሞተ ሳምንትም ቢሆን ያስገባል። «ትንሽም ብትሆን ሐሙስ ባዶዋን አትለፍ» ይል ነበር። ገንዘቡ እናቱን ሐጅ የሚልክበት ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቶበት፣ ሳሪስ ገበያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቅመም እየሸጡ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የነገራቸው ቀን ግን እማማ ሐጀራ ተቆጡ።

«ባንክ የገባ ገንዘብ ወለድ ይወልዳል። በወለድ ልታቆመኝ ነው ካዕባ ፊት?»

«ይሄ ሙዳረባ ነው፣ እማዬ። ወለድ የለበትም። እኛ ገንዘቡን እናስገባለን፣ ባንኩ በሐላል ሥራ ይነግድበታል። ሲያተርፍ በተስማማነው ልክ እንካፈላለን። ከከሰረ ደግሞ እኛንም ይነካናል።»

«ሽርክና ነዋ።»

«አዎ፣ ሽርክና።»

«እና ሸሪክህ ማነው? ቤቱ የት ነው? ልጅ ወልዷል? ሰው ፊቱን ካላየው ጋር ይሻረካል እንዴ?»

ሀይረዲን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሄደው ሼኩን ጠየቁ። ሐላል ነው ሲሏቸው ልባቸው ረጋ። ሒሳቡ በስማቸው ይከፈት ሲባል ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ሼኩ ካሉ ይሁን። ስሜን ግን የማላውቀው ቤት አታስገባብኝ። ባንተ ስም ይቀመጥ። አንተና እኔ ምን ልዩነት አለን?»

እውነት ነው፣ ያኔ ልዩነት አልነበራቸውም።

ከዚያ አንድ ማታ ሀይረዲን ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም አለ። ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሰላት ቢቀሰቅሱት አልተነሳም። አንድ ቃል ለመናገር እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ስልኩ የጮኸ ዕለት፣ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ሼኩ ዱዓ ሊያደርጉ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው። ናዕማ እንግዳው ሳሳ እስኪል ጠበቀችና ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«ሼክ፣ ያ ባንክ ያለው ገንዘብ የእማዬ ሐጅ ነው። ለዚያ ሲል ነው ሲያስገባ የኖረው። እኔ ምስክር ነኝ።»

«ኒያውን፣ የልቡን ሐሳብ፣ አላህ ያውቀዋል፣ ልጄ። ምንዳውንም ይከፍለዋል» አሉ ሼኩ። «ገንዘቡ ግን እጁ ላይ እንዳለ ሞተ። ለእናቱ ሰጥቷቸው፣ እርሳቸውም ተረክበው ቢሆን የእርሳቸው ነበር። አሁን የወራሽ ሆነ።»

«ኑዛዜ ነው ብንልስ?»

«ቢናዘዝም ለወራሽ ኑዛዜ የለም። እናት ደግሞ ወራሽ ናት። ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር።»

«ይኸው እኔ ፈቀድኩ።»

«አንቺስ ፈቀድሽ። እነሱስ?»

ሼኩ ወደ በሩ አመለከቱ። የሀይረዲን ሁለት ሕፃናት ልጆች የለቀስተኛውን ጫማ እያጣመሩ ይደረድራሉ። ትንሹ አንዱን ግራ ከሌላ ሰው ቀኝ ጋር አጣምሮ ደስ ብሎት ያያል።

«የሕፃን ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። የነሱን ድርሻ መንካት የየቲም፣ አባት የሌለው ልጅ፣ ገንዘብ መብላት ነው።» ሼኩ ወደ አሮጊቷ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለእርስዎ ከስድስት አንድ እጅ ይደርስዎታል። ሐጅ አያደርስዎትም፣ አውቃለሁ።»

«የኔን ድርሻ ጨምሩበት» አለች ናዕማ። «ካልሞላ ሱቁን እሸጣለሁ።»

«ሱቁም እኮ የልጆቹ ነው፣ ልጄ።»

አማረች ከማዕዘን ሆና፣ «ሰፈሩ ሞልቶ የለ? እስላም ክርስቲያን ሳንል እናዋጣ» አለች።

«አማረችዬ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ እማማ ሐጀራ። «ሐጅ የተደነገገው በቻለ ሰው ላይ ነው። ያልቻለን ማንም አይጠይቀውም። እኔ የምችለው ደግሞ በእርሱ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሼኩ ዞረው፣ የባቡር ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብለው ጠየቁ።

«ያቺ ከስድስት አንዷስ፣ ለልጆቹ ትሁን ብል ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያ ትሁንላቸው።»

ሼኩ ዱዓ አድርገው ወጡ። ውጭ ወንዶቹ ድንኳኑን መንቀል ጀምረዋል፤ የብረቱ ኳኳታ እስከ ጓዳ ይሰማል። ናዕማ ግንባሯን አማቷ ጉልበት ላይ ጥላ ተንሰቀሰቀች።

«አንዲት ነገር እንኳ ላደርግልዎ አልቻልኩም፣ እማዬ። አንዲት ነገር።»

እማማ ሐጀራ ፊቷን በሁለት እጃቸው ቀና አደረጉት። የሻሻቸውን ጫፍ ሳቡና አፍንጫዋን ያዙላት።

«ተናፈጪ» አሏት።

ናዕማም እንደ ሕፃን ተናፈጠች።