የአዲ አርቃይ ማር

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ነገ ሥራ ፍለጋ ትሄዱ የለ? እንግዲያው የሸጊቱን ነገር ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤቶች ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ትምህርት የጨረሱትን ልጆች እያነጋገሩ ይመርጡ ነበር። ሸጊቱ የአምባራሱ ገበሬ የአቶ ቢራራ ልጅ ናት። እርሻ ኮሌጅ ገብታ ተምራለች፤ ልቧም ከእርሻው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ያ ካመለጣት አምባራስ ተመልሳ መዳር ነው፤ ሽማግሌዎች ደጅ መጥናት ጀምረዋል።

መምህሯ ጓድ ደምለው ተማሪዎቻቸውን ለጥያቄው ሲያለማምዱ ሰነበቱ። "አንገት አትድፉ። ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን እዩት። የምትችሉትን አትደብቁ፤ ስለ ሥራውም እናንተ አንድ ነገር ጠይቁ።"

"እኛ አገር ወንድን ዓይን ዓይኑን ካዩት አገባሃለሁ ማለት ነው" አለች ጓደኛዋ የሺወርቅ በሹክሹክታ።

"ደመወዝ ካለው ምን ከፋሽ?" አለቻት ሸጊቱ።

መልሷን እንደ ዳዊት ደገመችው። "ከገበሬ ጋር መሥራት ትችያለሽ?" ቢሏት፣ "የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በአባቴ እርሻ ላይ ነው ያደግሁት" ልትል ነው። ከየሺወርቅ ሹራብ ተዋሰች፤ ጫማዋን በቅባት ወለወለች።

አባቷም በበኩላቸው ተዘጋጅተዋል። ሹም ፊት በባዶ እጅ አይቀርብም፤ እሳቸው የሚያውቁት ይኸን ነው። በአምባራስ ብርድ ንብ አይበረክትምና በበቅሎ ገብስ ጭነው ቁልቁል አዲ አርቃይ ወረዱ፤ ገብሱን በማር ለውጠው ወጡ። ለልጃቸው ትንፍሽ አላሉም።

በቀኑ፣ ተራዋ ደርሶ ከጠያቂው ፊት እንደተቀመጠች፣ ከበሩ በኩል ጉርምርምታ ሰማች። አባቷ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ የማር ቅል በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ይመጣሉ። ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ጌታዬ፣ ይቺን ለአፍዎ ብዬ ነው" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የጠያቂው ፊት ቀላ። "እጅ መንሻ በአብዮቱ ቀርቷል፣ አባቴ። አሁን ጉቦ ነው የሚባለው።" ወደ ሸጊቱ ዞረ። "ያንቺ ሰው ናቸው?"

ሸጊቱ እንደተማረችው ዓይን ዓይኑን አየችው። "አላውቃቸውም" አለች።

አቶ ቢራራ አንድ ጊዜ አዩዋትና ቅሉን አንሥተው ወጡ።

"እሺ" አለ ጠያቂው። "ከገበሬ ጋር መሥራት ትችያለሽ?"

"የገበሬ ልጅ ነኝ" ልትል አፏን ከፈተች። አባቷን ክዳ ግን እንዴት ትበለው? ተነሥታ ወጣች።

አባቷን በቅሎዋ አጠገብ አገኘቻቸው።

"አበላሸሁብሽ እንዴ ልጄ?" አሉ። "አላውቃቸውም በሉ ብለው አስተምረዋችሁ ኖሯል። ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኔም አላውቃትም እል ነበር።"

ቢሰድቧት በተሻላት። "የለም አባዬ፣ ማንም አላስተማረኝም" አለች። "አፍሬብዎ ነው።"

እሳቸው ልጓሙን አፍተለተሉ። እሷ እጃቸውን ይዛ ወደ አዳራሹ መለሰቻቸው። ጠያቂው ሌላ ልጅ ያነጋግራል፤ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች።

"ቅድም ዋሽቻለሁ። አባቴ ናቸው።" ዓይኑን ማየት ግን አልሆነላትም።

ጠያቂው አቶ ቢራራን አየ፤ እሷንም አየ። "ደግ አድርገሻል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቦታው ግን አሁን ተያዘ። ለከርሞ ሞክሪ።"

በሳንቃ በር በኩል ሽቅብ ወደ አምባራስ ሲወጡ፣ ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ "ማሩ አንሶ ይሆን?" አሉ አባቷ። ሸጊቱ በተዋሰችው ሹራብ እንባዋን ጠረገች።

ሽማግሌዎቹን እሳቸው መለሱላት፤ "ልጄ ገና ከርሞ የምትሄድበት አላት" ብለው። እውነትም በኋላ ሥራ ያዘች። ያቺ "አላውቃቸውም" ስትነሣ ግን ዛሬም፣ በሽበቷ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች።

እንግዲህ እናንተም ተዘጋጁ። ጫማችሁን ጥረጉ፣ መልሳችሁን ደጋግሙ። "እኚህ ሰው ምንህ ናቸው? ምንሽ ናቸው?" ቢሏችሁ የምትመልሱትንም አብራችሁ ተለማመዱ። ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ፣ እሺ ልጆቼ?