አራተኛው እግር

በዚያ ዓመት የጀርመኗ ከተማ የፖትስዳም ሰው ለከብት የሚዘራውን ሥራሥር በላ። ዳቦ በወረፋ ነበር፤ ወረፋውም በረዶ ላይ። ከሰል ጠፋ። መጀመሪያ የመናፈሻው ዛፍ ነደደ፤ ቀጥሎ አጥር፤ ከአጥር በኋላ የቤት ዕቃ። ጦርነቱ በሽንፈት አልቆ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሆላንድ ሸሽተዋል።

አናጢው ኦትማር ጌርላኽ ቁም ሣጥኑን አነደደ፤ ጠረጴዛውን አነደደ፤ አልጋውንም ፈልጦ ወለል ላይ መተኛት ጀመረ። ሚስቱ ዶሮቴያ ታስላለች። ከሥራ መሣሪያው ሌላ ቤቱ ውስጥ የቀረው አንድ የአልጋ እግርና ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ባለ ሦስት እግር ወንበር ነው።

«አንተ ሰው፣ ያንን አንካሳ አንድደው» አለችው።

«የኔ አይደለም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን አቧራውን የጠረግሁለት እኔ!»

«ብትጠርጊውም ያንቺ አይደለም። የተለማማጅ መፈተኛ ሥራ፣ አስተማሪው ሳይፈርድበትም የተለማማጁ ነው።»

«ተለማማጅህ የንጉሥ ልጅ ነው። ረስቶሃል።»

«ቢረሳም የሱ ነው።»

«እንግዲያው ስሞት በደንብህ ገንዘኝ» አለችና ፊቷን አዞረች።

በንጉሠ ነገሥቱ ቤት ወንድ ልጅ ሁሉ የእጅ ሥራ ይማር ነበር፤ ከቅድመ አያት የወረደ ደንብ ነው። አንዱ መጽሐፍ መጠረዝ ተማረ፤ ሌላው ብረት መቅረጽ። ኤገን የሚባለው ለጌርላኽ ደረሰው። ልጁ እጀ ከባድ ነበር፤ ግን አይዋሽም። ሦስት እግር ሠርቶ አራተኛውን ሳይጀምር ጦር ትምህርት ቤት አስገቡት።

አናጢ ተለማማጁን ሲያስመርቅ አንድ ጥፊ ያቀምሰዋል። የመጨረሻው ጥፊ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እጁን አያነሳበትም። የልጁ ሞግዚት የነበረው መኮንን ግን «መርቀህ ልቀቀው፤ ጥፊው ይቅር» ብሎ አዘዘ። ጌርላኽ «ያለ እግርና ያለ ጥፊ ምርቃት የለም» አለ። ከዚያ ወዲህ ከቤተ መንግሥት ሥራ መጥቶለት አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የማዕረግ ምልክቱ ከትከሻው የተፈታ ካፖርት የለበሰ ባለ መነጽር ጎልማሳ ገባ።

«ደኅና ዋሉ፣ ጌታዬ። ኤገን ነኝ።»

ዶሮቴያ ልትነሳ ሞከረች። «ልዑል ሆይ!»

«ይቀመጡ እማማ። እሱ ቀርቷል።»

«አባትዎስ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ሆላንድ ተቀምጠው እንጨት ይፈልጣሉ።»

«ለማን?»

«ለማንም። እንዲሁ ይፈልጣሉ።»

ዶሮቴያ ቀዝቃዛውን ምድጃ አየች። «እዚህ መጥተው ቢፈልጡ ምን ነበረበት» አለች።

ቤቱ የሥራ ቤቱም ነበረና ጌርላኽ በዚያ ማንንም አንቱ ብሎ አያውቅም። «ምን ፈለግህ?» አለው።

«ኮሎኔል ነበርሁ፤ በአንድ ጧት ቀረ። ልዑል ነበርሁ፤ እሱም ቀረ። ወንድሞቼ ምን እንሁን እያሉ ይጨቃጨቃሉ። የኔን ተለማማጅነት ግን የሻረው የለም።»

«እግሩ ይቀርሃል።»

«አውቃለሁ።»

«እንጨት የለም።»

ዶሮቴያ አስላ ስታበቃ ከብርድ ልብሷ ሥር የአልጋውን እግር አወጣች።

«ይሄ የዛሬ ማታ እሳቴ ነው» አለች። «አበላሸውና ወየውልህ!»

ኤገን ካፖርቱን አውልቆ መላጊያውን አነሳ። ጌርላኽ አላገዘውም።

«ለካ።»

«ለክቻለሁ።»

«ደግመህ ለካ።»

ደግሞ ለካ። አንድ ጣት ተሳስቶ ነበር። ማጣበቂያው ከአጥንት የተቀቀለ ስለነበር ባልና ሚስቱ ባለፈው ወር በልተውታል፤ ስለዚህ በእንጨት ችንካር አጠበቀው። ጌርላኽ ሳህን ሙሉ ውሃ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ መቀመጫውን በመዳፉ መታ። ውሃው ተርገበገበ እንጂ አልፈሰሰም።

«እጅህ አሁንም ከባድ ነው» አለ። «ወንበሩ ግን ወንበር ነው።»

ኤገን ወንበሩን አንስቶ ዶሮቴያ ፊት አቆመው። «የኔ ከሆነ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ፣ እማማ። ይቀመጡበት፤ ካሻዎም ያንድዱት።»

ዶሮቴያ ከወለሉ ላይ ፍቅፋቂውን ለቃቅማ ምድጃው ውስጥ ለኮሰችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ለዛሬ ፍቅፋቂው ይበቃኛል» አለች። «የነገውን ነገ እናያለን።»

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ ጌርላኽ።

ኤገን መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው መዳፉን በሽርጡ ጠረገ፤ አልቸኮለም። ጥፊው ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

«ይህን ከእኔ ተቀበል» አለው። «ከእንግዲህ ከማንም አትቀበል።»