ስድቡ በስብሰባ፣ ምስጋናው በሹክሹክታ

ሰውን ለመስደብ ስብሰባ የሚጠራ ሕዝብ፣ ማመስገን ሲሆን ለምንድን ነው ድምፁን የሚቀንሰው? መልሱን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ልብስ ሰፊዋ በአባቷ ለቅሶ የመጀመሪያ ቀን የሻይ ትሪ ይዛ በአግዳሚዎቹ መካከል ስታልፍ ይኸው ጥያቄ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስንት ዓመት ቲማቲም የበላነው በእሱ ነው» ይላል አንዱ ለጎረቤቱ ጆሮ።

«የኔ ጎመን ያለ እሱ መች ይተርፍ ነበር» ትላለች ሌላዋ፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና።

ልብስ ሰፊዋ ቆም አለች። «እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት» አለቻቸው።

ሁለቱም ሻያቸውን አነሱ። አጠገባቸው የተቀመጠው ንብ አንቢ፣ የአባቷ የአጥር ጎረቤት፣ በአገጩ ወደ ጥጉ ጠቆማት። እዚያ የአትክልተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቷል።

«ተይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው» አላት ንብ አንቢው።

«ለቅሶ ቤት ስለሆነማ ነው፣ ጋሼ። ከነገ ወዲያ ሁላችሁም ተበትናችሁ ወደየቤታችሁ ናችሁ። ያኔ ለማን ልትነግሩት ነው? ለቲማቲሙ?»

ንብ አንቢው ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቷ በአርባ ቤት ሰው ፊት የተሰደበው ስድብ፣ እነዚሁ አርባ ቤት ሰዎች ሳይበተኑ በፊታቸው እንዲነሳለት። ሦስት ቀን አላት።

ሟቹ ከትናንት በስቲያ ሽንኩርት ሲኮተኩት ልቡ የቆመበት ሽማግሌ ነው። ሀብት አልነበረውም፣ ሹመትም አልነበረውም። አንድ ነገር ግን ያውቅ ነበር፤ ውርጭ መቼ እንደሚመጣ። አመሻሽ ላይ ኩሬው አጠገብ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል። ነፋሱ ሲተኛ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ንቦቹ ፀሐይ እያለች ወደ ቀፏቸው ሲሰበሰቡ፣ እንቁራሪቶቹ ገና ሳይመሽ አፋቸውን ሲዘጉ፣ ብድግ ብሎ ዱላውን ያነሳል። ከዚያ ከቤት ቤት እየዞረ ግድግዳ ይደበድባል። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋላችሁ የለ። «ሸፍኑ!» ብቻ።

መንደሩም ይሸፍናል። አንድ ጊዜ አዲስ ሙሽሮች የአልጋ ልብሳቸውን ገፈው ጎመን ላይ አልብሰው እነሱ ባዶ ፍራሽ ላይ አደሩ ተብሎ ዓመት ሙሉ ተስቋል። ጎመኑ ግን ተበልቷል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ምሽት ተሳሳተ። ሰዉ ያለውን ብርድ ልብስና ጆንያ ሁሉ አውጥቶ ከሸፈነ በኋላ ከየት መጣ ሳይባል ደመና ተሰበሰበ፤ ዘነበ። ውርጭ የሚባል አልታየም። ብርድ ልብሱ ውሃ ጠጥቶ ከበደና ስንቱን ችግኝ አንገቱን ሰበረው። ሊቀመንበሩ ሁለት መደብ ቃሪያ ሄደበት። በሳምንቱ ስብሰባ ጠራ።

«ይህ ሰውዬ ውርጭ አይጠብቅም፣ ውርጭ ይናፍቃል!» አለ ቆሞ። «ከዛሬ ጀምሮ ስሙ አቶ ውርጭ ነው። አቶ ውርጭ ደግሞ ሁለተኛ የኔን ግድግዳ በዱላው እንዳይነካ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለሃያ ዓመት ያተረፈላቸውን እየበሉ የኖሩ ሰዎች፣ በአንድ ምሽት ስህተት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ! ሽማግሌው ተነሳ፣ «እሺ» አለ፣ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ እውነተኛ ስሙን የሚጠራው ጠፋ።

የባሰውን ልንገራችሁ። የሳቁት ሰዎች ሳምንት ሳይሞላ አንድ በአንድ በጓሮ በር እየመጡ «እኛንስ አንኳኳልን፣ ቀስ አርገህ ግን» ይሉት ጀመር። እሱም ለመጣው ሁሉ ቀስ አድርጎ አንኳኳ። ያልመጣው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለና ለቀስተኛው ሳሳ። ልብስ ሰፊዋ አክስቷን ሻይ ላይ ትታ ወደ ጓሮ ወጣች። አባቷ የሞተበት መደብ ግማሹ ተኮትኩቷል፣ ግማሹ እንዳለ ነው። የባቄላው መደገፊያ እንጨት ላይ አንዲት እስስት አንድ እግሯን አንስታ ልራመድ አልራመድ ትላለች። ከጥጉ ያለውን የጎመን መስመር ጥንቸል ቆርጥማዋለች፤ ይህን መስመር አባቷ በየዓመቱ ትርፍ አድርጎ ይተክለው ነበር። «የሷ ድርሻ ነው፤ ድርሻዋን ካገኘች የኔን አትነካም» ይል ነበር። ጥንቸሏ ውሉን አክብራ እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ አየት አደረገች። ሁለተኛው መስመር ላይም ሦስት ጎመን ተበልቷል። ለቅሶውን ረስታ ሳቀች።

ከዚያ ጆሮዋን ወደ ኩሬው ጣል አደረገች። እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ። «ዛሬስ ውርጭ የለም» አለች ለራሷ፣ ሳታስበው። ማን አስተማረሽ? ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ልጅ ሆና ከዚያ ባልዲ አጠገብ እየተቀመጠች፣ ሰማይ የሚያነብ ጆሮና ዓይን ሲያወርሳት አላወቀችም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሚያወርሰው የሌለው አባት አለኝ ብላ አስባ ነበር። እርጥቡ አፈር ላይ ቆማ «ተመስገን» አለች፤ «እንዲህ ያለ አባት ሰጥተኸኛልና ተመስገን።»

ምስጋናው ግን ደረቷን ወጋት፤ እሷም ያለችው በሹክሹክታ ነበርና። በሕይወቱ እያለ አንድ ቀን ፊቱን አይታ አመሰግናለሁ ብላው አታውቅም።

ወደ ቤት ስትመለስ አክስቷ አየቻት። «አልቅሰሻል?»

«ስቄያለሁ።»

«እሰይ። ወንድሜም ለቅሶ ላይ የሚያስቀው ነገር አያጣም ነበር» አለች አክስት፣ ሻዩን እያማሰለች።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። አርባውም ቤት መጣ፤ አግዳሚ ጠበበ። የሊቀመንበሩ ሚስት አንድ ቅርጫት ሰላጣ ይዛ ገብታ አክስት ፊት አስቀመጠችው።

«ከጓሯችን ነው፣ ለእንግዳ ይሆናል» አለች። «የኛ እርሻ እንደምታውቁት ጎድጓዳው ውስጥ ነው፤ ብርድ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከሁለት ወር በፊት በዚያ ክፉ ውርጭ፣ ባሌ ሌሊት ወርዶ ችግኙን ጭድ ባያለብሰው ኖሮ አንድ ቅጠል አይተርፈንም ነበር።»

ሊቀመንበሩ ከጥጉ ቀና አለ። «ማ? እኔ?»

«አንተ ነሃ!»

«እኔ ከአልጋዬም አልወረድኩ። አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔማ አንተ መስለኸኝ! እንዲያውም ደስ ብሎኝ ሦስት ቀን ሙሉ አልጨቀጨቅኩህም።»

«ለዚያ ነው ዝም ያልሽው? እኔ ደግሞ አመመሽ ብዬ ሐኪም ልጠራልሽ ነበር!»

ለቀስተኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። ንብ አንቢው እንባውን እየጠረገ «ታዲያ ማን አለበሰው? ጥንቸል?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«አባቴ ነው» አለች።

ሳቁ ተቋረጠ።

«የዚያን ዕለት እዚህ ነበርኩ። ኮት ልለካው መጥቼ አደርኩ። ጎሕ ሲቀድ በር ተከፈተና ገባ። ሹራቡ በጭድ ተሞልቷል፣ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ጣቶቹ አይታጠፉም። የት ነበርክ አልኩት። ጎድጓዳው ወርጄ ነበር አለኝ። ለዚያ ሰውዬ? ብዬ ጮህኩበት። በሰው ፊት አዋርዶህ? ቅንጣት ኩራት የለህም? አልኩት።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ችግኙ እኮ አልሰደበኝም› አለኝ። ከዚያ ሻይ ጠየቀኝ። እኔ ተናድጄ ነበርና ሻዩን ሳላቀርብለት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

የሊቀመንበሩ ሚስት ሰላጣዋን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሊቀመንበሩ ከነሻይ ብርጭቆው ተነሳ። በአግዳሚዎቹ መካከል ሲያልፍ ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡለት። ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ሲደርስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

«ባለውለታዬ ነው» አላት፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ። «በድዬዋለሁ። አመሰግነዋለሁ። ነፍሱን ይማርልኝ።»

እውነቱን ነበር። እሷም እውነቱን መሆኑን አወቀች። ለሁለት ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተንከባለለ፤ እጁን ይዛ አብራው ማልቀስ አማራት። አባቷ ቢሆን «እሺ» ብሎ ይበቃው ነበር። እሷ ግን አባቷ አይደለችም። ከሊቀመንበሩ ትከሻ ባሻገር አርባው ቤት ጆሮውን አሹሎ ተቀምጧል፤ ምንም አልሰማም።

ብርጭቆውን ከእጁ ቀስ ብላ ተቀበለችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ደግማ አንድ፣ ከዚያ አንድ፤ በሁለቱ መካከል ሹክሹክታ የማይሻገረው ክፍተት እስኪፈጠር ድረስ።

«ሊቀመንበር፣ እኔ ሰምቼዎታለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ያን ዕለት የሳቁት ግን አልሰሙም። ስሙን ጠርተው፣ ጮክ ብለው፣ ይድገሙት።»