ባና ላይ የወጣ ስም

ጥሩሸዋ ባሏ የሞተ ጊዜ ጉድጓዱን በአፈር ልትደፍነው ነበር። ሸማኔ እግሩን አስገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ ነው፤ ባሏ ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ተቀምጦ ባና፣ ወፍራሙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲሠራ ነው። አይሆንም ያለችው ልጇ ገሊላ ናት። መንዝ ውስጥ ሴት ጠጉር ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም፤ ስለዚህ ገሊላ ድር ዘርግታ እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ስትሰድ ሰፈሩ ሳቀባት። ባል ቢጠፋባት መሬት ውስጥ ትፈልጋለች አሉ። ገሊላ ግን ጥቁር ብቻ በነበረው ባና ላይ የነጭና የቀይ በግ ጠጉር እያስገባች ሐረግ አወጣችበት። ቀየት ገበያ ስትዘረጋው የሳቁት ሁሉ መጥተው ዳሰሱት።

ባናው ላይ የባለቤቱን ስም የማስገባቱ ሐሳብ ግን የጥሩሸዋ ነበር። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ከከፈተ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየሄደች ፊደል ለይታለች፤ የዱቄት ጆንያውንም፣ የመኪናውን በርም ሳታነብ አታልፍም። እሷ በወረቀት ላይ በትልልቁ ትጽፋለች፤ ገሊላ በነጭ ማግ ታወጣዋለች። ሰው ወደደው። ከራቤል ድረስ እየመጡ ለሙሽራ አዘዙ። ገሊላም ስትሠራ ማንጎራጎር ጀመረች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆና አታውቅም።

ከዚያ ጎረቤታቸው ደብሪቱ ለትንሿ ልጇ ለሳሌም አዘዘች። ሳሌምን ክርስትና ያነሣቻት ጥሩሸዋ ናት። ስሟን ልትጽፍ ስትቀመጥ «ሳሌም» ሦስት ፊደል ብቻ ሆነባት፤ አነሰባት። ለምትወዳት ልጅ በረከት ያለበት ይሁን ብላ፣ ቄሱ በክርስትናዋ ዕለት ያወጡላትን ስም አስተካክላ ጻፈች፤ ወለተ ሰንበት። የክርስትና ስም ለማንም እንደማይነገር ታውቃለች፤ መተት የሚያደርግ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ግን መናገርና መጻፍ ለየቅል መሰላት። የተጻፈ ነገር ለእሷ ዕድሜዋን ሙሉ ድምፅ አልነበረውም። ገሊላ ተጠራጥራ ደብሪቱ ታውቃለች ወይ ስትላት፣ ደስ ይላታል አለቻት።

ቅዳሜ ባናውን ገበያ አውጥተው ገመድ ላይ ሰቀሉት። ከጓሳ በኩል ጉም ወርዶ ነበር። አንድ የማያውቁት ረጅም ሰው መጥቶ ባናው ፊት ቆመ። በመጀመሪያ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ድምፁን አውጥቶ ስሙን አነበበው። ደብሪቱ ሳሌምን አዝላ እየመጣች ነበር፤ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«አበልጄ» አለች ዝግ ብላ። «ልጄን ገበያ አወጣሻት?»

ገሊላ ነጩን ክር እመዘዋለሁ ብላ በጥፍሯ ታገለች፤ ግን ባና ተሠርቶ ሲያበቃ በሙቅ ውሃ ይረገጣል፣ የተረገጠ ጠጉር ደግሞ አንድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አልወጣም። ደብሪቱ ቤቴ አይገባም ብላ ሄደች። ጥሩሸዋ ልትለምናት ስትከተላት ገሊላ ባናውን፣ ከዓይናችን ይራቅ ብላ፣ ለዚያው ሰው ሸጠችለት። ሰውየው አልተከራከረም።

በሳምንቱ ሳሌምን ትኩሳት ጣላት። ደብሪቱ ባናውን ስጡኝና ላቃጥለው ብላ መጣች። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ፤ በራቤል መንገድ አየሁት ያለ አለ፣ ጓሳ ላይ ጉም ውስጥ ሲገባ አየሁት ያለም አለ። የደብሩ ቄስ አባ አፈወርቅ ልጅቷ ጠበል እንድትገባ አዘዙ፤ የበግ ጠጉር ሰው አያሳምምም ብለውም ሰዉን ገሠጹ። ጥሩሸዋን ሲያዩ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

ከዚያ ወዲያ የሚያዝዝ ቀረ። ቀድሞ የገዙትም እየመለሱ አጥሩ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ጥሩሸዋ ጠዋት ስትወጣ የሰው ስም አጥሯ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃታል። ማንበብ መቻሏን ጠላችው። ልጇን ጉድጓዱን እንድፈነው ብላ ለመነቻት።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ አትጥፊብኝ» አለቻት።

«ዛሬ ብተወው መተተኛ ነበረች ብለው ይዘጉታል» አለች ገሊላ። «ሥራዬን በዚህ ስም አልቀብረውም።»

ተመልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። በዚህ ጊዜ አላንጎራጎረችም። የሠራችውን ለእናቷ አላሳየችም፤ ፊደልም አላስጻፈቻትም።

ገበያ ላይ ገመዱ ላይ ሲዘረጋ ነው ጥሩሸዋ ያየችው። ፊደል በፊደል ሄደችበት። አ። ጸ። ደ። መሬት ላይ ተቀመጠች። አጸደ ማርያም። ገሊላ ከተጠመቀች ጀምሮ ይህን የክርስትና ስሟን ጥሩሸዋ በሰው ፊት ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

«የእኔም ይነበብ» አለች ገሊላ። «ምንም ካልሆንሁ ሰው ይመለሳል።»

«ብትሆኚስ?» አለች ጥሩሸዋ። ሳሌም ገና ከጠበል አልተመለሰችም። ገበያተኛው ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል፤ የሚቀርብ የለም። ድንገት ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ረጅሙ ሰው ነው። የሳሌምን ባና ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። መጥቶ አዲሱ ባና ፊት ቆመ፤ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጥሩሸዋ ዘላ ተነሥታ ነጠላዋን ዘርግታ ስሙን ጋረደችው።

«እማዬ፣ ዞር በይ» አለች ገሊላ። ዓይኗ ከሰውየው ላይ አልተነሣም። «ያንብበው።»

ጥሩሸዋ የልጇን እጆች አየች፤ በሙቅ ውሃና በጠጉር የተላጡ እጆች። ነጠላዋን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ፈቀቅ አለች።

ሰውየው አንድ እርምጃ ቀረበና ስሙን ድምፁን አውጥቶ አነበበው። ዋጋውን አልጠየቀም።