እዛው ይከፈት ወይስ በአዲስ መስኮት?

የምሠራበት ሆስፒታል ድረ ገጽ አለው። ድረ ገጹን የምሠራው እኔ ነኝ፤ የሚወስነው ግን ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ የተወያየበት ጉዳይ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ሰው ሊንክ ሲጫን የሚሄድበት ገጽ እዛው ይከፈት ወይስ በአዲስ መስኮት?

ሥራ አስኪያጁ የአዲስ መስኮት ሰው ናቸው። «ቤቴ የመጣ እንግዳ በገዛ እጄ በር ከፍቼ ላስወጣው?» ይላሉ። በአዲስ መስኮት ሲከፈት የፊቱ ገጻችን ከኋላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሰውየውም የትም አይሄድብንም ባይ ናቸው። እንግዳው የሚሄደው ወደዚያው ወደ እኛ ሌላ ገጽ እንደሆነ ብነግራቸው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው ተናጋሪ ዞሩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በበኩላቸው «እዛው ይከፈት» ብለው ሙጭጭ ያሉ ናቸው፤ ስማቸው ተረስቶ «አቶ እዛው» ተብለው ቀርተዋል። ምክንያታቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ እዛው ቢሉ ኖሮ እሳቸው አዲስ መስኮት ይሉ እንደነበር ግን እምላለሁ።

ነገሩ እያደር ከረረ። ሁለቱ ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ ካፌው ውስጥ ነርሶቹ ሳይቀሩ ጠረጴዛ ለዩ። በመጨረሻ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ አስታራቂ ሐሳብ አመጣች። ለምን ሰውየውን ራሱን አንጠይቀውም? ሊንክ በተጫነ ቁጥር «እዛው ይከፈትልዎ ወይስ በአዲስ መስኮት?» የሚል ጥያቄ ይምጣለት። ጭብጨባው ቀለጠ። ጥያቄው ራሱ የት ይምጣ የሚለው ሌላ ስብሰባ በላና በአዲስ መስኮት ይምጣ ተባለ። «ይሄ ነገር ሰው ያሳብዳል» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያዋም ሐሳቡን ደግፋለች» ተብሎ ተጻፈ። እኔም እንደታዘዝኩት ሠራሁት።

እናቴ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዶባታል። በር ላይ የቆመውን ሰው የምትለየው በድምፁ ነው፤ ሻይ ስትቀዳ መሙላቱን የምታውቀው ጣቷን ስኒው ውስጥ ከትታ ነው። የቀዶ ጥገና ተራ የሚያዘው ደግሞ እኛው ሆስፒታል፣ በእኔው ድረ ገጽ ነው። ተራው የሚከፈተው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ።

«እኔ ልያዝልሽ እማዬ» አልኳት።

«ልጄ እዛ ትሠራለች ብዬ ሰው ቀድሜ ልግባ? አላደርገውም። ስልክ አለኝ፣ ጣት አለኝ።»

ተራው የተከፈተ ጠዋት እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አጀንዳው ያው መስኮት ነው። እኛ እዚያ ስንከራከር እናቴ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ፊደሉ እጅግ ከመተለቁ የተነሳ አንድ ቃል ብቻ የሚያሳየውን ስልኳን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ «ተራ ለመያዝ» የሚለውን ተጫነች። ጥያቄው መጣባት። መለሰች። ሌላ ገጽ ተከፈተ። ወደኋላ ልመለስ ብትል መመለሻው አልሠራ አላት፤ በአዲስ መስኮት ወደኋላ የሚባል ነገር የለማ። የጠፋባት መስሏት እንደገና ጀመረች፤ እንደገናም። መስኮቱ በላይ በላዩ ተቆለለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ወርውሮ ይተኛ ነበር። እናቴ ግን ጀምራ የተወችው ነገር የላትም፤ ያላለቀ ሥራ ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም። የተደረደሩትን መስኮቶች እየፈለገች አገኘቻቸውና ሁሉንም ሞልታ፣ ሁሉንም «አረጋግጥ» አለቻቸው። እኔ እቤት ስገባ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ያዝኩ! እንዲያውም እንዳይጠፋ ደጋግሜ ነው የያዝኩት።»

ከፍቼ ሳይ አንድ ስም ሲደጋገምበት ኮምፒውተሩ በማጭበርበር ጠርጥሮ ሁሉንም ተራ ሰርዞታል። የቀረ ቦታ አልነበረም። ነገርኳት።

«አጭበርባሪ አለኝ?» አለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ፈክታ ገባች። የድረ ገጹ ጎብኚ ቁጥር አሻቅቧል። «አንዲት ተጠቃሚማ ብቻዋን ገጻችንን ስንትና ስንት ጊዜ ከፍታዋለች! ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምን ይባላል?» ሥራ አስኪያጁ አቶ እዛውን ገልመጥ አድርገው «ሴትየዋ ይፈለጉ፤ ፎቷቸው የፊት ገጹ ላይ ይውጣ» አሉ።

«እናቴ ናት» አልኩ። «ማየት ተስኗታል። ተራዋንም ሰርዘንባታል።»

«ውይ፣ ይሄማ ይበልጥ ልብ ይነካል» አለች ኃላፊዋ፣ እየጻፈች።

እናቴ ስሟን ከማጭበርበር ክስ ልታጠራ መጣች። ደህናውን ሻርፕ ለብሳ ነበር። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ወደዚህ» ሲላት ለመጋረጃው ፈገግ አለችለት።

«ምን እናድርግልዎ እናቴ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ተራዬን።»

«እሱማ በጣም ቀላል ነው! አንድ የተሰረዘ ቦታ አይጠፋም፤ ላሳይዎ።» ስልካቸውን አወጡና ተጫኑ። ጥያቄው መጣ። መለሱ። ሌላ መጣ። ወደኋላ አሉ፤ እምቢ አለ። ግንባራቸው ላብ አወጣ። «ኔትዎርኩ ነው» አሉ። በሩ ጋ የቆሙት አቶ እዛው ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሥራ አስኪያጁ በስተመጨረሻ የጠረጴዛውን ስልክ አንስተው ዓይን ክፍል ደወሉ። «አንዲት እናት አሉ፤ ከፊት አስገቡልኝ» አሉ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ቀስ ብላ። ያን ድምፅ ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ፋሻው ከተነሳላት በኋላ መጀመሪያ እኔን አየችና «ከስተሻል» አለችኝ። ቀጥላ «እስቲ ያንን የምትሠሪውን ነገር አሳዪኝ» አለች። ከፍቼ ሰጠኋት። ፊደሉን ወደ ልኩ አሳንሳ፣ ከላይ እስከታች አነበበችው። ተጫነች። ጥያቄው መጣ። ደግማ ተጫነች። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችኝ፤ በሁለቱም ዓይኖቿ፣ ጥርት አድርጋ።

«ይሄን ነው ስትሠሪ የምትውዪው?»

«ኮሚቴው ነው የወሰነው እማዬ።»

«ስለ ኮሚቴ ማን ጠየቀሽ? እኔ ኮሚቴ አልወለድኩም።»

ኮምፒውተሬን አውጥቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ጥያቄውን አጠፋሁት፤ ሊንኮቹን በሙሉ እዛው እንዲከፈቱ አደረግኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። እሷ በስልኳ እየተጫነች ትሞክራለች፤ «ተመለሰልኝ» ትላለች፤ ደግሞ ትጫናለች።

ኮሚቴው ምንም የተለወጠ ነገር እንዳለ እስከ ዛሬ አላስተዋለም። ለነገም በዚሁ ጉዳይ ላይ እንድንወያይ ተጠርተናል።