ከኋላ ያለው ሜዳ

"ኢፋ፣ ውጣ!"

ኢፋ አልወጣም። ሦስቱ ተከላካዮች አብረው ወደ ፊት ሲሮጡ እሱ እንደ ልማዱ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እሱ በመቅረቱ፣ ከጨዋታ ውጪ መሆን የነበረበት አጥቂ ማንም ሳይነካው ገብቶ አገባ።

የልምምድ ግጥሚያውን ራሱ የሚዳኘው አሰልጣኝ በዕውቀቱ እየተበሳጨ መጣ። ከውጭ ሀገር ስልጠና ከተመለሰ ገና ወሩ ነው።

"ኋላ ቆመህ ማንን ነው የምትጠብቀው?"

"ያመለጠውን፣ ኮች።"

"አራታችሁም አንድ መስመር ላይ ከወጣችሁ ማን ያመልጣል? ሊብሮ የሚባል ነገር ቀርቷል አልኩህ እኮ። ዓለም ጥሎታል።"

ኢፋ አሥር ዓመት ሙሉ ሊብሮ ሆኖ፣ ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ ቆሞ ያመለጠውን ኳስ ሲጠርግ፣ የልደታ ሰው "ግንቡ" እያለ ሲጠራው ኖሯል። አሁን አንድ ሰው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አራት ነጥብ ደረደረና ያ ሁሉ ዕውቀት ዋጋ አጣ። እግሩ አልሰነፈ፣ ዓይኑ አልፈዘዘ፤ የተሰረዘው የሚቆምበት ቦታ ነው። ለዚህ ደግሞ የልደታ ፍርድ ቤትም ይግባኝ አይቀበልም።

የከርሞ ተጫዋቾች ስም ዛሬ ከሰዓት በኋላ የቡድኑ ባለቤት በሆነው ፋብሪካ በር ላይ ይለጠፋል። ስሙ የሌለበት የፋብሪካውን ቤት ይለቃል። ሚስቱ ሶረቲ ጠዋት፣ ልጆቹን እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት ላስመዝግባቸው ወይስ ልጠብቅ ብላ ጠይቃው ነበር። ስመለስ እነግርሻለሁ ብሏት ወጣ።

ለእረፍት ሲወጡ የማሊያ ኃላፊው አቶ ሚደቅሳ ውሃ አቀበሉት። ኢፋ ሳይጠጣ መለሰላቸው።

"ፈራህ?"

"በጣም፣ ጋሼ።"

"እኔ የግራ ክንፍ ነበርኩ። በመስመሩ ስበር ለማየት ሰው ከተክለ ሃይማኖት ድረስ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ክንፍ ቀረ፣ ወደ መሀል ግባ አሉኝ። ክንፍ መሀል አይገባም ብዬ ተከራከርኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይኸው ያንተን ማሊያ አጥባለሁ። ክርክሩን እኮ አሸንፌ ነበር።"

ኢፋ ሊስቅ ፈልጎ፣ የለበሰውን ማሊያ አየ።

ግጥሚያው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ የተጋጣሚው አማካይ ረጅም ኳስ ሊመታ እግሩን አነሳ። "ውጣ!" ብሎ ከጎኑ ያለው ተከላካይ ገመቺስ ጮኸ። ከኢፋ ኋላ ያለው ሠላሳ ሜትር ባዶ ሜዳና አንድ በረኛ ብቻ ነው። ተረከዙ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ተሳበ። ቢወጣና ፊሽካ ባይነፋ፣ ግንቡ ራሱ በሩን ከፍቶ ሰጠ ይባላል።

ጥርሱን ነክሶ ወደ ፊት ወጣ።

አጥቂው በጎኑ ሽው ብሎ አለፈ። ኳሷም በአናቱ ላይ ሄደች። ፊሽካ የለም። አንገቱ ሊዞር ተነቃነቀ፤ ከለከለው። ፊቱን ወደ መሀል ሜዳ እንዳደረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከጨዋታ ውጪ ነው ለማለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።