ለወንድም የማይሰፋ አልጋ

ወይዘሮ እታገኝ ስብሰባው ሳይጀመር ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላልሰዋል። ለአራተኛ ሊነሱ ሲሉ የልጅ ልጃቸው ራኬብ ቀሚሳቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ኧረ ሪላክስ አድርጊ! የምናገረው እኔ ነኝ እኮ።»

«እሱ አይደል የጨነቀኝ! ሌላ ሰው ቢናገረው ምናለበት? ነገ ሰው ስላንቺ ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። የሚሉት ውሸት አይደለማ።»

ራኬብ ሴት እንደምትወድማ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ያውቃሉ። ካወቁ ወዲህም እንቅልፍ የላቸውም።

ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ነው። ሳይረስና ጁፒተር የሚባሉ ጥቁር ባሪያዎች ነበሩ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጌታቸው የአትላንታን ምሽግ እንዲቆፍሩ ለደቡቡ ጦር አዋሳቸው። እነሱም አካፋቸውን ጥለው ወደ ሰሜኑ ጦር ጠፉ። እዚያ ያገኛቸው ጸሐፊ ምንና ምን ናችሁ ቢላቸው፣ «ወንድማማች ነን» አሉ። ራኬብ የታሪክ ተማሪ ናትና መዝገቡን ሁሉ አገላብጣለች። አንዱ የቨርጂኒያ፣ አንዱ የሳቫና ልጅ ነው። ጁፒተር ካረጀ በኋላ ለጡረታ መርማሪ የሰጠውን ቃልም አግኝታለች። «ሚስት አላገባሁም። ሳይረስን ከቀበርኩ ወዲህ አልጋው ሰፋኝ» ብሏል።

አሁን ምሽጉ በነበረበት መናፈሻ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊቆም ነው። የሰሌዳውን ጽሑፍ ራኬብ «የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች» ብላ ጻፈች። የመታሰቢያው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሰርዘው «ሁለት ወንድማማቾች» አደረጉት። ዛሬ ካልተቃና ሰኞ ሰሌዳውን ለሚቀርጸው ሰው ይሄዳል።

ራኬብ ተነሥታ ሁሉንም አስረዳች።

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድማማች ነን ያሉት በራሳቸው አፍ ነው። ውሸታሞች ነበሩ ልትዪን ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ወይዘሮ እታገኝን ያስነሣቸው ያ ሳቅ ነው።

«ተርጉሚልኝ» አሉ።

«እማማ፣ ፕሊስ ተቀመጪ።»

«ተርጉሚ! ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ሳለን ጸሐፊው እኔንና አበዛሽን ምንና ምን ናችሁ አለን። መንገድ ላይ የተገናኘን ጓደኛሞች ነበርን። ጓደኛ ብንል አንዳችን ካናዳ፣ አንዳችን አውስትራሊያ ልንጣል ነው። እህትማማች ነን አልን። የአባቴን ስም ወሰደች። ካቻምና ስትሞት መቃብሯ ላይ የተቀረጸው እሱው ነው፤ የወለዷት አባቷ ስም የትም የለም።»

ራኬብ አልተረጎመችም። «እማማ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት እኮ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ሲቲዝንሺፕሽን ቢነኩብሽስ?»

አርባ ዓመት ያስፈራቸው ይኸው ነበር። ከመንግሥት ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ከመክፈታቸው በፊት ያማትባሉ። ከንስሐ አባታቸው በቀር ለማንም፣ ለገዛ ልጃቸው እንኳ፣ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

«እኔ ላንቺ ስፈራ ሰማሽኝ?» አሉ። «እንግዲህ እኔም አልሰማሽም። አንዲት ቃል ሳትውጪ ንገሪያቸው።»

ራኬብ ነገረቻቸው።

«ሰው ውሸታም ስለሆነ አይደለም» ብለው ቀጠሉ ወይዘሮ እታገኝ። «ጸሐፊው የሚቀበለው ያንን ቃል ብቻ ስለሆነ ነው። እኛን ያስተሳሰረን ጓደኝነት ነው። እነሱን ምን እንዳስተሳሰራቸው ሽማግሌው ጁፒተር ራሱ ነግሯችኋል። እኔ ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። ለወንድም አልጋ አይሰፋም።»

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማዳም፣ እዚህ የተባለው ሁሉ ከነስምዎ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል። ከፈለጉ እንተወው።»

ወይዘሮ እታገኝ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ከዚያም ራኬብን ሳይጠብቁ፣ በዚያች በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ «ጻፉ» አሉ። «እታገኝ ሳህሌ በሉ። የእሷንም ጻፉ፤ በእውነተኛ አባቷ፣ አበዛሽ መክብብ።»

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ከአሥራ አንዱ አባላት ሰባቱ የራኬብን ጽሑፍ ደግፈው እጃቸውን አነሡ። ስምንተኛው እጅ የወይዘሮ እታገኝ ነበር።

«እርስዎ አባል አይደሉም፤ የእርስዎ እጅ አይቆጠርም» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«አትቁጠሩት» አሉ ወይዘሮ እታገኝ። ግን አላወረዱትም።